የፈረንጅ የቤተሰብ ስም ከየት መጣ?

ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ ሮናልዶን ያውቃል። ብዙዎቻችን ግን ሮናልዶ የቤተሰቡ ስም ይመስለናል። አይደለም፤ የአባቱም ስም አይደለም። ክርስቲያኖ ሮናልዶ፣ ሁለቱም፣ ሲወለድ የወጣለት የራሱ ስም ነው። የቤተሰብ ስሙ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ዶስ ሳንቶስ አቬሮ» ነው። ዶስ ሳንቶስ በእናቱ በኩል የመጣ ሲሆን አቬሮ ደግሞ በአባቱ ነው። አቬሮ ፖርቹጋል ውስጥ ያለች ከተማ ናት።

እኛ በስማችን ላይ የአባታችንን፣ ሲያስፈልግም የአያታችንን ስም እንጨምራለን። በየትውልዱ ስሙ ይቀየራል። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን አንድ ስም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። የቤተሰብ ስም የሚባለው ይሄ የሚወረሰው ስም ነው። ይሄን ስናይ ድሮም እንዲሁ የነበረ ይመስለናል፤ ወይ የጎሳ ስም፣ ወይ የመሳፍንት ዘር ምልክት አድርገን እንወስደዋለን። እውነታው ሌላ ነው። በርካታ አውሮፓዊ እንደኛው በአባቱ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ይሄን ልማድ የተዉት ገና የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የሆኑ አገሮች አሉ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ሰው ከሰው በምን ይለይ ነበር?

አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት አበበ ቢኖሩ ምን እናደርጋለን? አንዱ ረጅሙ አበበ ይባላል። አንዱ አበበ ሾፌሩ። ሦስተኛው አበበ ጎጃሜው፣ ወይ ደግሞ የእትዬ ዘነበች ልጅ አበበ። ለዚህ ስብሰባ የሚጠራ የለም። ጎረቤት ያወጣዋል፣ ይለመዳል፣ ይጸናል። የአውሮፓ መንደሮችም ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የስም ምርጫው ጠባብ ነበር። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ ደግሞ ዊሊያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ የሚሉት ስሞች አገሩን አጥለቀለቁት። አንድ መንደር ውስጥ ብዙ ዊሊያም ሲኖር ጎረቤት ቅጥያ ይጨምራል፦ ዊሊያም የጆን ልጅ፣ ዊሊያም ቀጥቃጩ፣ ከኮረብታው ሥር ያለው ዊሊያም፣ ቀዩ ዊሊያም። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ከምንሰማቸው የቤተሰብ ስሞች እጅግ የሚበዙት ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ናቸው። ወይ የአባት ስም ነው፣ ወይ የሥራ፣ ወይ የቦታ፣ ወይ ቅጽል ስም።

መጀመሪያ ላይ ቅጥያው አይወረስም ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ አናጢ ከሆነ «አናጢው» ተብሎ ይጠራል፤ «ቀጥቃጩ» የሚለው ከአባቱ ጋር አብሮ ይቀበራል። የቤተሰብ ስም የተወለደው ልጁ አናጢ ሆኖ ሳለ «ቀጥቃጩ» መባሉን የቀጠለ ዕለት ነው።

ስሚዝ ለምን እንዲህ በዛ?

ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተለመደው የቤተሰብ ስም እሱ ነው። ያ ሁሉ ስሚዝ ግን ዘመድ አይደለም፤ ከአንድ ሰው የወረደም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዚያን ጊዜ ሰው አብዛኛው ገበሬ ነበር። ታዲያ ለምን «ገበሬ» የሚለው ስም ከሁሉም አልበለጠም? ምክንያቱም ሁሉም ገበሬ በሆነበት መንደር ውስጥ «ገበሬው ዊሊያም» ብትል ማንንም አልለየህም። ቀጥቃጭ ግን በአንድ መንደር አንድ ነው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት፣ ምስማር፣ ሁሉም ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ «ቀጥቃጩ» ሲባል ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ቅጥያ የሚሠራው ሰውየው ከጎረቤቱ በሚለይበት ነገር ነው። ቀጥቃጭ በየመንደሩ አንድ ስለነበር፣ የየመንደሩ አንድ አንድ ሲደመር ያን ያህል ሕዝብ ሆነ።

ይሄ ደግሞ የእንግሊዝ ብቻ ነገር አይደለም። ጀርመኑ ሽሚት ይለዋል፣ ሀንጋሪው ኮቫች፣ ፖላንዱ ኮቫልስኪ፣ ሩሲያዊው ኩዝኔትሶቭ፣ ፈረንሳዩ ለፌቭር። የጣሊያኑ ፌራሪም ከዚያው ከብረት ሥራ የመጣ ነው። የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው ይሄን ቢያስበው ደስ ይለዋል፦ ሹማከር ማለት ጫማ ሰሪ ነው፤ ስለዚህ የጫማ ሰሪው ዘር በቀጥቃጩ ዘር መኪና ነበር ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነው። በእኛ አገር ለረጅም ዘመን ቀጥቃጭ መባል ስድብ ነበር። እነሱ ዘንድ ግን ልጅ የሚወርሰው ስም ሆነ።

ጀርመን አገር አንደኛው ስም ደግሞ ሙለር ነው፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ማለት። ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው፣ ቬበር ሸማኔ፣ ፊሸር ዓሣ አጥማጅ፣ ታቸር የሣር ጣሪያ የሚከድን። ፍሌቸር የሚባለው ስም ፍላጻ ሠሪ ማለት ነው። ሥራው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ስሙ ግን አለ።

ኪንግ ወይም በፈረንሳይኛ ለርዋ የሚባሉ ሰዎችስ፣ የንጉሥ ዘር ናቸው? አብዛኛውን ጊዜ አይደሉም። ወይ በንጉሥ ቤት ያገለገለ ሰው፣ ወይ በበዓል ጨዋታ ላይ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተ፣ ወይ እንደ ንጉሥ የሚንጎራደድ ጎረቤት ነው እንዲህ የተባለው። ንጉሥማ በቅጥያ መለየት አያስፈልገውም።

መጨረሻው ላይ ያለው «ሰን»፣ «ኤዝ»፣ «ቪች» ምንድን ነው?

ሁሉም «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። ፈርጉሰን የፈርገስ ልጅ ነው። ሮድሪጌዝ የሮድሪጎ ልጅ፣ ሳንቼዝ የሳንቾ ልጅ፣ ኢብራሂሞቪች የኢብራሂም ልጅ። ስኮትላንድና አየርላንድ ውስጥ ከፊት የሚመጣው «ማክ» ልጅ ማለት ሲሆን፣ የአየርላንዱ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ ማለት ነው። የዌልሶቹ ትንሽ ተደብቋል። እነሱ «አፕ» ይሉ ነበር፤ «አፕ ሪስ» ሲባል ሲባል፣ አፍ ላይ ሲፈጥን፣ ፕራይስ ሆነ። ፓወልም እንዲሁ ከ«አፕ ሃወል» የመጣ ነው።

አሁን ግን ትርጉሙ ቀጥታ አይሠራም። የማንቸስተሩ አሌክስ ፈርጉሰን የአባቱ ስም አሌክሳንደር ነበር፣ ፈርገስ አይደለም። ፈርገስ ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ከስንት ትውልድ በፊት የኖረ አንድ ሰው ነው፣ ስሙ እዚያ ላይ ቆሞ የቀረው።

የግሪኮቹ ለእኛ ቅርብ ነው። ፓፓዶፑሎስ ማለት የቄስ ልጅ ማለት ነው። የካቶሊክ ቄስ ስለማያገባ ይሄ ስም ለምዕራቡ ሰው ግር ሊለው ይችላል። ቀሳውስቱ የሚያገቡበት ኦርቶዶክስ አገር ላደገ ሰው ግን ምንም አያስገርምም። ግሪክ ውስጥ የስሙ ጅራት አገሩንም ይናገራል፤ «አኪስ» ብሎ የሚጨርስ በአብዛኛው ከቀርጤስ ደሴት ነው፣ «ኦፑሎስ» ደግሞ በደቡብ ግሪክ ካለው ከፔሎፖኔዝ።

ሩሲያኖች ሁለቱንም ይዘዋል። አሌክሳንደር ሰርጌየቪች ፑሽኪን ሲባል፣ አሌክሳንደር የራሱ ስም ነው፣ ሰርጌየቪች የሰርጌይ ልጅ ማለት ነው፣ ፑሽኪን ደግሞ የቤተሰብ ስሙ። ፑሽካ ማለት መድፍ ሲሆን ከብዙ ትውልድ በፊት የኖረ የአንድ አባቱ ቅጽል ስም ነበር። በእናቱ በኩል ያለው ቅድመ አያቱ ደግሞ አብራም ጋኒባል ነው፤ ትውልዱ ከእኛ አካባቢ ነው፣ የለም ከቻድ ሐይቅ ወዲያ ነው እየተባለ እስካሁን የሚያከራክረው አፍሪካዊ ጄኔራል። በልጅነቱ ከአገሩ ተወስዶ ሩሲያ ገባ። ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ያለ አባት ስም አይኖርም። የክርስትና አባቱ የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ስለነበር ፔትሮቪች፣ «የጴጥሮስ ልጅ» ተባለ። ጋኒባል የሚለውን የቤተሰብ ስም ያገኘው ከካርቴጁ የጦር መሪ ከሃኒባል ስም ነው። ከስሙ ውስጥ ሁለቱ ክፍሎች፣ የአባቱም የቤተሰቡም፣ በስደት አገር የተሠሩ ናቸው።

የቦታ ስም የያዘ ሰው የመሬቱ ጌታ ነበር ማለት ነው?

አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ኖርዌይን እንይ። እዚያ ሰው የሚጠራው በሚኖርበት እርሻ ስም ነበር፤ እርሻውን ለቆ ሌላ ቦታ ከገባ ስሙም አብሮ ይለወጣል። የማንቸስተር ሲቲው ሃላንድ ስም እንዲህ ካለ የእርሻ ስም የመጣ ነው፣ ከፍ ያለ መሬት ማለት ነው። የአርሰናሉ ኦዴጋርድ ግን ስሙ ከባድ ታሪክ ይዟል። «ወና የቀረ እርሻ» ማለት ነው። በ1349 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ኖርዌይ ገብቶ ግማሽ የሚጠጋውን ሕዝብ ፈጀ። እርሻው ባለቤት አጣ፣ ዱር በላው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው ተመልሶ ሲሰፍርበት ቦታው «ወናው እርሻ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ሰፋሪውም በዚያው ተጠራ። ዛሬ ማሊያ ጀርባ ላይ የምናነበው ያን ነው።

የሊቨርፑሉ ሶቦስላይም የቦታ ስም ነው። ሀንጋሪ ውስጥ ሶቦስሎ የሚባል ከተማ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢ» የዚያ አገር ሰው ታደርገዋለች፣ ልክ እኛ ጎንደሬ፣ ሐረሬ እንደምንለው። ቫን ዳይክ ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ጎርፍ ከሚመክተው ግድብ አጠገብ የሚኖር ሰው ነው።

ይሄ «ቫን» ብዙ ሰው ያሳስታል። ከጀርመኑ «ፎን» ጋር ይምታታል። «ፎን» በአብዛኛው የመኳንንት ምልክት ነው፤ «ቫን» ግን «ከ» ማለት ብቻ ነው። ታላቁ የሙዚቃ ሰው ቤትሆቨን ራሱ በዚህ ነገር ችግር ላይ ወድቋል። ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን የወንድሙን ልጅ ለማሳደግ ከልጁ እናት ጋር ቪየና ውስጥ ይካሰስ ነበር። ጉዳዩ የሚታየው በመኳንንት ፍርድ ቤት ነበር፣ ስሙ ላይ ባለው «ቫን» የተነሳ። በ1818 ግን ዳኞቹ የመኳንንት ማስረጃ ሲጠይቁት ማቅረብ አልቻለም። መዝገቡ ተራው ሕዝብ ወደሚዳኝበት ፍርድ ቤት ተላለፈ። ያን የመሰለ ሰው በስሙ ምክንያት እንዲህ መዋረዱ እስከ ዛሬ ያሳዝናል።

ቅጽል ስሞቹ ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም። የጣሊያኑ ሮሲ ቀይ ማለት ነው፣ ጸጉሩ ወይ ፊቱ የቀላ። የሀንጋሪው ናጅ ትልቅ፣ የፈረንሳዩ ፕቲ ትንሽ፣ የሆላንዱ ደ ዮንግ ወጣቱ ወይም ታናሹ። የፖላንዱ ኖቫክ ደግሞ አዲስ መጤ ማለት ነው፣ ያም አገሩ ውስጥ ከሁሉ የበዛው ስም ነው።

ታዲያ ስሙን ያጸናው ማን ነው?

መዝገብ ነው። ጎረቤት ያወጣውን ቅጥያ ወስዶ፣ አንድ ቀን ቀለም ነክሮ የጻፈው ጸሐፊ። ቀረጥ ሰብሳቢ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ማወቅ ይፈልጋል። ቄሱ ማን ተጠመቀ፣ ማን ተጋባ ብሎ ይመዘግባል። ጦሩ ማንን ልመልምል ይላል። ስሙ በየትውልዱ ሲቀያየር ለእነዚህ ሁሉ አይመችም።

እንግሊዝ ውስጥ ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ ታዘዘ። ፈረንሳይ በ1539 ተመሳሳይ ትእዛዝ አወጣች፤ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ፣ በ1794፣ በልደት መዝገቡ ላይ ካለው ስም ውጭ መጠራት በሕግ ተከለከለ። በኦስትሪያ ግዛት የነበሩ አይሁዶች እስከዚያ ድረስ በአባታቸው ስም ነበር የሚጠሩት፤ በ1787 ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ዮሴፍ ቋሚ የጀርመንኛ ስም እንዲይዙ አዘዛቸው። ናፖሊዮን በ1811 ሆላንዶችን እንዲሁ አስመዘገበ። ስለዚህ አዋጅ አንድ የሚወራ ነገር አለ፤ ሕዝቡ በፈረንሳዮቹ ላይ ለመቀለድ እንደ «ናክትሄቦረን» ያለ፣ «ራቁቱን የተወለደ» የሚመስል ስም አስመዘገበ ይባላል። ስሙ አለ፣ ወሬው ግን ስህተት ነው። አመጣጡ አባቱ ከሞተ በኋላ የተወለደ ልጅ ማለት ከሆነ የጀርመንኛ ቃል ነው። አብዛኛው ሆላንዳዊም ከአዋጁ በፊት ስም ነበረው።

ስካንዲኔቪያ ዘግይታ ገባች። ዴንማርክ በ1828 ስሙ ቋሚ እንዲሆን አዘዘች፣ ገበሬው ግን ቶሎ አልተቀበለውም። ስዊድን በ1901፣ ኖርዌይ በ1923 ሕግ አወጡ። ስዊድን ውስጥ ከዚያ በፊትም ቢሆን ጦሩ የራሱን መላ ፈጥሮ ነበር። አንድ ሻምበል ውስጥ አንደርስ አንደርሶን የሚባል ብዙ ወታደር ሲኖር አዛዡ ምን ያድርግ? አጭር ስም ያወጣላቸዋል፦ ራስክ፣ ፈጣን። ሞዲግ፣ ደፋር። ስቨርድ፣ ሰይፍ። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚሰጠው ወታደሩ ከሚኖርበት ጎጆ ጋር ነበር፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ተተኪው ጎጆውንም ስሙንም ይረከባል።

ወላጁ ያልታወቀ ልጅስ?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው። ኔፕልስ ከተማ አኑንዚያታ የሚባል ቤት አለ። ግድግዳው ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን ነበረው። ልጅዋን ማሳደግ ያልቻለች እናት ሕፃኑን በውጭ በኩል ሳጥኑ ውስጥ አስተኝታ ታዞረዋለች፤ ሳጥኑ ወደ ውስጥ ሲዞር መነኮሳቱ ይቀበሉታል። ፊቷን ማንም አያይም። ሕፃኑ «ኤስፖዚቶ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ውጭ የተተወ እንደማለት። ሳጥኑ በ1875 ተዘጋ። ኤስፖዚቶ ግን ዛሬም ኔፕልስ ውስጥ ከሚበዙት ስሞች አንዱ ነው፤ ሐኪሙም፣ ዳኛውም፣ ተጫዋቹም ይጠሩበታል። ፍሎረንስ ውስጥ እንዲህ ላሉ ሕፃናት «ኢኖቼንቲ» የሚል ስም ይወጣ ነበር፣ ንጹሐን ማለት ነው። ሁለቱም ከተሞች ያደረጉት አንድ ነው፣ ለልጁ ያሸከሙት ስም ግን እንዴት ይለያያል።

ሴት ስታገባ ስሟ የግድ ይቀየራል?

ሁሉም ፈረንጅ አገር እንደዚያ ነው ብለን እናስባለን፣ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የባልን ስም መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። ስፔን ውስጥ ግን ሴት ስታገባ ስሟ አይነካም፤ ልጅ ደግሞ ከአባቱም ከእናቱም አንድ አንድ ይወርሳል። ሠዓሊው ፓብሎ ሩዊዝ ፒካሶ ሥራው ላይ የፈረመው በእናቱ ስም ነው፣ በፒካሶ። ግሪክ ከ1983 ወዲህ ሴት የተወለደችበትን ስም ይዛ እንድትቀጥል በሕግ ወስናለች። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ በ2022 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ልጅ በቀጥታ የአባቱን ስም ብቻ መያዙ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሏል።

ስም መቀየርም አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሣውያን ራሳቸው እስከ 1917 ድረስ የጀርመን ስም ነበራቸው። ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ሆነው ይሄ ስም ሕዝቡን ስላስከፋ፣ በቤተ መንግሥታቸው ስም ዊንድዘር ተባሉ።

እንደኛ በአባት ስም የቀረ አገር አለ?

አለ፣ አይስላንድ። እዚያ የዮን ልጅ ወንዱ ዮንሶን፣ ሴቷ ዮንስዶቲር ትባላለች። የዮንሶን ልጅ ግን ዮንሶን አይባልም፤ በራሱ በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣት በሕግ ተከለከለ። ይታተም የነበረው የስልክ ማውጫ የሚደረደረው በመጀመሪያ ስም ነበር። ከ1980 እስከ 1996 ፕሬዚዳንት የነበሩትን ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲርን ሕዝቡ ቪግዲስ ነው የሚላቸው። አባታቸውን ጠርቶ እሳቸውን ማለት ለአይስላንድ ሰው ትርጉም አይሰጥም፣ ለእኛም እንዲሁ።

ውጭ አገር ያለው ፎርም ግን ይሄን አያውቅም። ቀነኒሳ ሲሮጥ ጋዜጣው «በቀለ አሸነፈ» ይላል፣ የሮጠው አባቱ ሳይሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተሩን «ዶክተር ቴድሮስ» የሚለው በእኛ አጠራር ስለሄደ ነው፣ ይሄ ግን ብርቅ ነው። እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦላቸዋል። አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይዘው ትምህርት ቤትና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?» ይባላሉ።

ልጅ ሊወለድላችሁ ከሆነ ስለዚህ ነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሆስፒታል የሚሰጧችሁ ወረቀት ላይ የመጨረሻ ስም የሚል ቦታ አለ። እዚያ የአባቱን ስም ከጻፋችሁ ልጁ በእኛ ደንብ ይጠራል፣ ግን ከአባቱ ጋር የመጨረሻ ስማቸው አይገጥምም። የአያቱን ከጻፋችሁ ከአባቱ ጋር ይገጥማል፤ ሰውየው ግን ልክ እንደ ፈርገስ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ልጆች የማያውቁት ስም ሆኖ አብሯቸው ይዘልቃል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ብቻ ነርሷ እስክሪብቶ ይዛ እስክትቆም አትጠብቁ።